የኢቪ ልዩነት ብቻውን ምን ይነግረናል? ስለ ፖከር መከታተያ ሶፍትዌሮች የተደረገ ንግግር

ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ መግቢያ አያስፈልገንም፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ፖከርትራከርን ወይም ሆልደም ማኔጀርን፣ የፖከር ዙሮችን የሚመዘግቡትን ሶፍትዌሮች፣ የተጠቀመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግራፍ አለ። አንዱ መስመር ኪስ የገባውን ያሳያል። ሌላው በኢቪ የተስተካከለውን ያሳያል፤ ማለትም ኦል-ኢን ከተባለ (ተጫዋቹ የያዘውን ሁሉ ካስገባ) በኋላ የወጡት ካርታዎች ለማንም ሳያደሉ፣ ፖቱ (መሃል ላይ የተሰበሰበው ውርርድ) እንደየድርሻው፣ ማለትም እንደየማሸነፍ ዕድሉ፣ ቢከፋፈል ኖሮ ምን ይገኝ እንደነበር። ኢቪ ስል የሚጠበቀውን ዋጋ ማለቴ ነው፤ ያው ሁኔታ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም በአማካይ የሚደርሰንን። በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ የኢቪ ልዩነት ነው።

ሰው ግራፉን ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። "ከኢቪ በታች 14 ስታክ ነኝ" የሚል ሰው በየቀኑ ታገኛላችሁ፤ ስታክ ማለት ተጫዋቹ ይዞት የሚቀመጠው ሙሉ ገንዘብ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፣ ያማልም። ግን ከምን አንጻር ነው ትልቅ የሆነው? ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፦ ልዩነቱ አጠገቡ የራሱ ሚዛን ካልተቀመጠ በቀር ምንም አይነግራችሁም። ሚዛኑ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ከነዚያው ዙሮች ይሰላል። ሶፍትዌሩ ልዩነቱን ለማግኘት የተጠቀመባቸው ቁጥሮች በቂ ናቸው።

በመጀመሪያ ልዩነቱ ራሱ እንዴት እንደሚሰላ እንይ፤ እዚያ ላይ ስህተት ካለ ሚዛኑም አያድነንም።

ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 100 ቢግ ብላይንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ስታክ ይዘው ከፍሎፕ (ለሁሉም ከሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) በፊት ኦል-ኢን ገቡ እንበል። ቢግ ብላይንድ በየዙሩ በግዴታ የሚገባው ትልቁ ውርርድ ነው፣ መለኪያችን እሱ ነው። አንዱ ሁለት አስ ይዟል፣ ሌላው ሁለት ኪንግ። ፖቱ 200 ነው። የአሱ ድርሻ ወደ 82 ከመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ከፖቱ የሚጠበቅለት 164 ነው፤ ያስገባውን 100 ስንቀንስ ኢቪው +64 ይሆናል። ካሸነፈ ያገኘው +100 ነው፣ ልዩነቱ +36። ከተሸነፈ ያገኘው −100 ነው፣ ልዩነቱ −164። (እኔ ከተገኘው ላይ ኢቪን ነው የምቀንሰው። ገልብጠው የሚቀንሱም አሉ፤ የሰው ቁጥር ከራሳችሁ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ።)

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ። 0.82 በ36 ስናባዛ 29.52 ይመጣል። 0.18 በ164 ስናባዛም 29.52። አንዱ ፕላስ ሌላው ማይነስ ስለሆነ ይጣፋሉ። ይህ ዝም ብሎ የገጠመ አይደለም። በትክክል የተሰላ የኢቪ ልዩነት አማካዩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ጎበዝም ብትጫወቱ ሰነፍም ብትጫወቱ። ስለዚህ ልዩነቱ ስለ ችሎታችሁ አንዲት ቃል አይናገርም። ሁለት አሱን የያዘውም፣ በሁለት ኪንግ የገባውም፣ በ7 እና በ2 ያበደውም የልዩነታቸው አማካይ ዜሮ ነው።

ይህ ዜሮ ሶፍትዌሩን ለመፈተንም ይጠቅማል። አማካዩ ከዜሮ የሚያፈነግጥ ቀመር ካያችሁ የሆነ ቦታ ላይ የሂሳብ ጉድለት አለ።

ድርሻው የሚሰላው መቼ ነው? የመጨረሻው ውርርድ በተዘጋበት ቅጽበት። ከፍሎፕ በፊት ከሆነና የሁለቱ ተጫዋቾች ካርታ ከታወቀ የቀሩት 48 ካርታዎች ናቸው፣ አምስት አምስት እየሆኑ በ1,712,304 መንገድ ሊወጡ ይችላሉ። ፍሎፕ ላይ ከሆነ የቀሩት ጥንዶች 990 ብቻ ናቸው። ተርን ላይ፣ አራተኛዋ የጋራ ካርታ ከወጣች በኋላ ከሆነ ደግሞ 44 ካርታ። ለዘመኑ ኮምፒውተር ሦስቱም ቀላል ናቸው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ቆጥሮ ትክክለኛውን ድርሻ ያወጣል። ብዙ ተጫዋች ሲገባበት በናሙና መገመት ይመጣል፤ እሱም ቢሆን ናሙናው በቂ ከሆነ ችግር የለውም።

ቅጽበቱ ግን በጣም ለውጥ ያመጣል። ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) የምትጠብቁ ሁናችሁ ፍሎፕ ላይ ኦል-ኢን ገባችሁ እንበል። የሚያድኗችሁ ዘጠኝ ካርታዎች ናቸው፣ ሌላውን ሁሉ እንተወው። ሁለቱንም ጊዜ የመሳት መንገዱ ከ990 ውስጥ 630 ነው፣ ስለዚህ የማግኘት ዕድላችሁ 36.4 ከመቶ። ገንዘቡ የገባው ተርን ላይ ከሆነ ግን 9 ከ44 ነው፣ 20.5 ከመቶ። ሪቨር ላይ፣ አምስተኛዋና የመጨረሻዋ ካርታ ከወጣች በኋላ ከሆነ ድርሻው ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ (እኩል ካልወጣችሁ)፣ ስለዚህ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ፍላሹ ተርን ላይ መጥቶላችሁ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ቢገባ ደግሞ ሶፍትዌሩ አሸናፊ ሆናችሁ እንደገባችሁ ይቆጥራል። ያቺ ተርን ላይ የወረደችው ካርታ የዕድል ስጦታ ነበረች፣ የልዩነቱ መዝገብ ግን አያውቃትም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ቀመሩ የሚበላሽባቸውን ቦታዎች እንይ። የመጀመሪያው ሬክ ነው፣ ቤቱ ከፖቱ ላይ የሚቆርጠው። ድርሻችሁ 80 ከመቶ፣ ፖቱ 200፣ ሬኩ 3 ነው እንበል። መሰላት ያለበት በ197 ነው፦ 157.6 ሲቀነስ 100፣ +57.6። ሬኩን የረሳ ቀመር +60 ይላል። የተገኘው ትርፍ ደግሞ ሁልጊዜ ሬኩ ተቆርጦለት ነው የሚመዘገበው፤ ብታሸንፉ የሚመዘገብላችሁ +97 ነው። እንግዲህ ኢቪው ያልተቆረጠ፣ ውጤቱ የተቆረጠ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር በአማካይ 2.4 ቢግ ብላይንድ የሐሰት መጥፎ ዕድል ይከማቻል። በሺህ እንዲህ ያለ ኦል-ኢን 2,400 ነው። ሃያ አራት ሙሉ ስታክ! ተጫዋቹ ካርታውን ይረግማል፣ ጥፋቱ ግን የመቀነስ ምልክት ያልገባበት ቀመር ነው።

ሁለተኛው የጎን ፖት ነው፣ ይሄኛው የባሰ ይመስለኛል ምክንያቱም ስህተቱ ለዓይን አይታይም። ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዱ 40 ብቻ ነው ያለው፣ እናንተና ሦስተኛው ሰው 100 አላችሁ። ዋናው ፖት 120 ይሆናል፣ የጎኑም በእናንተ በሁለታችሁ መሃል 120። ዋናውን ለማሸነፍ ሁለቱንም መብለጥ አለባችሁ፤ ድርሻችሁ 30 ከመቶ ነው እንበል። የጎኑን ለማሸነፍ አንዱን ሰው ብቻ መብለጥ ይበቃል፣ እዚያ ላይ ድርሻችሁ 45 ከመቶ ነው። ኢቪው 36 ሲደመር 54 ሲቀነስ 100፣ −10 ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ አድርጎ 240ን በ30 ከመቶ የሚያባዛ ቀመር ግን −28 ይላችኋል። አስራ ስምንት ቢግ ብላይንድ በአንድ ዙር ጠፋ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፖት ለብቻው፣ ለእሱ ከሚወዳደሩት ሰዎች ጋር ብቻ ይሰላ። ሌላ አቋራጭ የለም።

ሦስተኛው ያልታየ ካርታ ነው። ድርሻ ለማስላት የሁለቱም ወገን ካርታ መታወቅ አለበት። ኦል-ኢን ሲገባ ካርታ ወዲያው የሚገለጥበት ጨዋታ ላይ ችግር የለም። ግን ተሸናፊው ካርታውን ሳያሳይ መጣል የሚችልበት፣ መዝገቡም የማይዝበት ጨዋታ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። እናንተ ስትሸነፉ አሸናፊው ያሳያል፣ ዙሩ ስሌት ውስጥ ይገባል። እናንተ ስታሸንፉ ተቃዋሚው ይጥላል፣ ዙሩ ከስሌት ይወጣል። የሽንፈቶቻችሁ ስብስብ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ልዩነቱ ወደ ታች ይነጉዳል፣ ምንም መጥፎ ዕድል ሳይኖር። እጃችሁ ላይ ባለው ዳታ ስንት ኦል-ኢን እንዳለና ከነሱ ስንቱ እንደተሰላ አወዳድሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ልዩነቱን አትመኑት።

ሌሎች ተጫዋቾች ቀድመው ያጠፏቸው፣ ማለትም ጥለው የወጡባቸው ካርታዎችስ? እነሱ ለሁሉም ስውር ናቸው፣ እንደማንኛውም ያልታወቀ ካርታ ይቆጠራሉ። በጥቂቱ ያዛባሉ፣ ሰው የሚያጥፈው ደካማውን ስለሆነ፤ ግን ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ጥቃቅን ነው፣ እንለፈው።

ቦርዱ (የቀሩት የጋራ ካርታዎች) ሁለቴ ይውጣ የሚሉበት ስምምነትም አለ። ኢቪውን አይለውጠውም። የሚለውጠው መዋዠቁን ነው፣ እሱን ከሚዛኑ ጋር አነሳዋለሁ።

ገንዘብና ቢግ ብላይንድ አይምታታባችሁ። በትንሹ ጠረጴዛ ላይ በ500 ቢግ ብላይንድ ከኢቪ በላይ ሆናችሁ፣ አስር እጥፍ በሚበልጠው ላይ ደግሞ በ60 በታች ሆናችሁ እንበል። በቢግ ብላይንድ ሲደመር +440 ነው። በገንዘብ ሲደመር ግን፣ በትንሹ ጠረጴዛ ብላይንድ ስንቆጥረው፣ 500 ሲቀነስ 600፣ −100 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ኪሴ ምን ሆነ የሚል ሰው ገንዘቡን ይይ። ካርታው እንዴት ነበር የሚል ሰው እያንዳንዱን ዙር በራሱ ቢግ ብላይንድ አካፍሎ ይደምር። መጀመሪያ ደምሮ በኋላ ማካፈል ሌላ ቁጥር ያመጣል።

ውድድር የሚጫወቱ ሰዎች እዚህ እንዳሉ አያለሁ፣ ለእናንተ ነገሩ አንድ ደረጃ ይጨምራል። የቺፕ (የመጫወቻው ጠጠር) ኢቪና የገንዘብ ኢቪ አንድ አይደሉም። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሦስት ሰው ቀርቷል፣ እያንዳንዱ 1,000 ቺፕ ይዟል። ሽልማቱ 50፣ 30 እና 20 ነው። ኦል-ኢን ከመገባቱ በፊት የእያንዳንዱ ዋጋ 33.33 ነው። አሁን ከአንዱ ጋር በእኩል ድርሻ ኦል-ኢን ገባችሁ። በቺፕ ኢቪው ዜሮ ነው፣ ምንም አልጠፋም። በገንዘብ ግን ከተሸነፋችሁ 20 ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ካሸነፋችሁ 2,000 ቺፕ ይኖራችኋል፣ አይሲኤም በሚባለው ሞዴል ዋጋው 43.33 ነው፦ ከሦስት ሁለት እጅ 50 የማግኘት ዕድል፣ ከሦስት አንድ እጅ 30። የሁለቱ አማካይ 31.67። ስለዚህ በቺፕ "ምንም አይደለም" የተባለው ዙር በገንዘብ 1.67 አስከፍሏል። ኪሳራ እንዳይሆን ድርሻው 57 ከመቶ ገደማ መሆን ነበረበት። የሞዴሉ መሠረት ዴቪድ ሃርቪል በ1973 ለፈረስ ውድድር ያቀረበው ቀመር ነው፤ የመጀመሪያነት ዕድል በቺፕ ድርሻ ይሰጣል፣ ከዚያ የቀሩት ለሁለተኛነት በዚያው መንገድ ይወዳደራሉ። ፍጹም አይደለም፣ የተቀመጣችሁበትን ቦታም ችሎታችሁንም አያይም። ቺፕን በቀጥታ ወደ ገንዘብ ከመመንዘር ግን በብዙ ይሻላል። የውድድር ግራፋችሁ የትኛውን እንደሚያሳይ ሳታውቁ ልዩነቱን አታንብቡ።

እሺ፣ ስሌቱ ትክክል ነው እንበል። አሁን ወደ ሚዛኑ።

ሁለት ሰው ብቻ ያለበት፣ እኩል መውጣት የሌለበት ኦል-ኢን ላይ የውጤቱ ቫሪያንስ (የመዋዠቁ መለኪያ) ቀላል ነው፦ ድርሻችሁን በተቃዋሚው ድርሻ አባዙ፣ ከዚያ በፖቱ ካሬ አባዙ። ፖቱ 200 ሆኖ ድርሻው ግማሽ በግማሽ ከሆነ 0.25 በ40,000፣ 10,000 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 100 ነው፣ አንድ ሙሉ ስታክ። ድርሻው 80 በ20 ከሆነ 6,400 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 80። የጎን ፖት ካለ እያንዳንዱን ሊሆን የሚችል ውጤት ካሬ አድርጎ መመዘን ይጠይቃል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ቦርዱ ሁለቴ ከወጣ ደግሞ ቫሪያንሱን በግምት ግማሽ አድርጉት። ዙሮቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ስለሆኑ ቫሪያንሶቹን መደመር ይቻላል። በመጨረሻ የድምሩን ስኩዌር ሩት ስታወጡ የልዩነታችሁ ስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ ማለትም የተለመደው የመዋዠቅ መጠን፣ እሱ ነው።

ያንን "14 ስታክ ተበደልኩ" የሚለውን ሰው እንየው። መዝገቡ ውስጥ 250 ኦል-ኢኖች አሉ እንበል፣ ሁሉም በ200 ፖት። መቶዎቹ ግማሽ በግማሽ ናቸው፤ ቫሪያንሳቸው 1,000,000። መቶ ሃምሳዎቹ 80 በ20 ናቸው፤ 960,000። ድምሩ 1,960,000። ስኩዌር ሩቱ 1,400 ነው። አስራ አራት ስታክ ማለት አንድ ስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ ከዚያ አይበልጥም! በትክክል ይህንኑ ዝርዝር የተጫወቱ ስድስት ሰዎች ብትሰበስቡ ከመካከላቸው አንዱ በአማካይ እዚያ ወይም ከዚያ በታች ይገኛል። የሰውየው ስሜት እውነት ነው፣ ገንዘቡም በእርግጥ የለም። ክስተቱ ግን ተራ ነው። ሶፍትዌሩ ተንኮል የለበትም፣ ካርታ የሚበውዘውም ማሽን አልተነካካም፤ እንዲህ ያለ ውጤት ይጠበቃል። ክፍተቱ 4,200 ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር፣ ሦስት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ነውና፤ ያኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሬኩንና የጠፉትን ካርታዎች ነው።

ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ "መቼ ነው የሚካካሰው?" አይካካስም። ይህንን በደንብ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎች በዚህ ተስፋ ገንዘባቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ከአቅማቸው በላይ ወደሆነ ጠረጴዛም ይወጣሉ። ነገ የሚጨመረው ልዩነት አማካዩ ዜሮ ነው፣ ትናንት ምንም ይሁን ምን። ዛሬ −1,400 ላይ ያለ ሰው ከዓመት በኋላ የሚጠበቅበት ቦታ −1,400 ነው። ግማሽ በግማሽ የሆኑ 100 ኦል-ኢኖች ስታንዳርድ ዴቪየሽናቸው 1,000 ነው፣ የ400 ደግሞ 2,000። ክፍተቱ በድምር እየሰፋ ሊሄድ ይችላል። የሚጠበው ለዙር ሲካፈል ብቻ ነው፦ 1,000 ለ100 ሲካፈል 10፣ 2,000 ለ400 ሲካፈል 5። "በረጅሙ እኩል ይሆናል" የሚባለው ነገር ለአማካዩ ነው እውነት የሚሆነው፤ ለድምሩ አይደለም።

አሁን ቅድም ቃል ወደገባሁት ልመለስ። ኢቪው ራሱ ከዕድል የጸዳ አይደለም። ሁለት አስ የሚታደላችሁ ከ221 ዙር አንዴ ነው፣ በዚያ ላይ ተቃዋሚያችሁ ሁለት ኪንግ ይዞ ሲገኝ ኢቪው +64 ብሎ ይመዘግብላችኋል። ኪንግ ለያዘው ደግሞ −64። ከሁለቱ ማን የተሻለ ተጫወተ? ማንም። ቦታ ብትቀያየሩ ያው ይደረግ ነበር። እንዲሁም ጥንድ ይዛችሁ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛዋን የማግኘት ዕድላችሁ ወደ 12 ከመቶ ነው፤ ስታገኙና ገንዘቡ ሲገባ ኢቪው ከፍ ይላል፣ ያቺን 12 ከመቶ ግን ማንም አያስተካክላትም። ስለዚህ የኢቪው መስመር "የሚገባኝ ትርፍ" ማለት አይደለም። ከዕድሉ ውስጥ አንዲት ቁራጭ፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ያለችው፣ ተቆርጣለታለች። ጠቃሚ ቁራጭ ናት፣ መስመሩ ከተገኘው ትርፍ ይልቅ ይረጋጋል። ግን 100,000 ዙር የተጫወተ ሰው፣ በ100 ዙር የሚዋዥቀው 90 ቢግ ብላይንድ ከሆነ፣ የትርፍ መጠኑ አሁንም በሁለቱም በኩል ወደ 5.7 ቢግ ብላይንድ በ100 ዙር ያህል ሊሳሳት ይችላል። ኢቪ ይህንን ያጠበዋል፣ አያጠፋውም።

የቀረውን ዕድል ማስወገድ ከባድ መሆኑን ለማየት ተመራማሪዎች ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። በጥር 2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ የተባለ የፖከር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር 120,000 ዙር ሲጫወት ካርታዎቹ በመስታወት ተደርገው ነበር፤ አንዱ ሰው የያዘውን ካርታ በሌላ ጠረጴዛ ማሽኑ ይይዘዋል። እዚያ አስ ያገኘ እዚህ አስ ይገጥመዋል። ዲፕስታክ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ከ33 ባለሙያዎች ጋር በተጫወተው 44,852 ዙር ላይ አይቫት የሚባል ዘዴ ተጠቅመዋል፤ የታደሉትን ካርታዎች ዕድልም፣ በማሽኑ በኩል ያሉትን የዘፈቀደ ምርጫዎችም አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ግን የማሽኑን ስልት ከነሙሉ ዕድሎቹ ማወቅ ያስፈልጋል። በመደበኛ ጨዋታ ያንን ማንም አይሰጠንም፣ ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ይህቺ የኦል-ኢን ቁራጭ ናት። ለዚህ ነው በአግባቡ እንድትነበብ የምጨነቀው።

በተግባር እንዴት ልታደርጉት ትችላላችሁ? የኦል-ኢን ዙሮቻችሁን ወደ ሠንጠረዥ አውጡ። ለእያንዳንዱ ዙር ሬክ የተቆረጠለት ፖት፣ ድርሻ፣ የገባው ገንዘብና የተገኘው ውጤት ይበቃል፣ ሁሉም በቢግ ብላይንድ። አንዱ ዓምድ ልዩነቱን ያስላ፣ ሌላው ቫሪያንሱን። ልዩነቱን ደምሩ፣ ቫሪያንሱን ደምሩ፣ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስኩዌር ሩት አካፍሉ። ከ−1 እስከ +1 ከሆነ ከሦስቱ ሁለቱ ሰው የሚገኝበት ቦታ ላይ ናችሁ። እስከ ሁለት ድረስም ምንም አዲስ ነገር የለም።

ዙሮቹ ጥቂት ከሆኑ ወይም ድርሻዎቹ ወደ አንድ ጠርዝ ያጋደሉ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ በ90 ከመቶ የምትገቡ ከሆነ፣ ይህ የስኩዌር ሩት ሂሳብ ጥቂት ያታልላል፤ ሽንፈቱ ሲመጣ በአንዴ ትልቅ ነውና። ያኔ የሚሻለው ያንኑ ዝርዝር ኮምፒውተሩ 10,000 ጊዜ እንዲያጫውተው ማድረግ ነው። በየዙሩ እንደድርሻው አሸናፊ ይምረጥ፣ የተገኘውን ይደምር፣ ኢቪውን ይቀንስ። ከዚያ የእናንተን ትክክለኛ ልዩነት ከነዚያ 10,000 ውጤቶች መሃል ፈልጉት። ከስንቱ በታች፣ ከስንቱ በላይ እንደሆነ ትቆጥራላችሁ። ሠንጠረዥ መሥራት የሚችል ሰው በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል፣ "እኔም" ካላችሁ ቀመሮቹን አሁን አብረን እንጽፋለን።